«ስንት አመጣህ?» ከማለታችን በፊት



መስከረም ሲጠባ ባሮ ሞልቶ ደለሉን ተሸክሞ ይወርዳል። በዚያው ሰሞን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይለቀቃል። ድሮ ውጤት የሚታወቀው ትምህርት ቤት ተኪዶ ነበር። ዛሬ በስልክ መልዕክትና በቴሌግራም ይመጣል። ጋምቤላ ከተማ ያለው ኔትወርኩ እስኪሠራ ስልኩን ደጋግሞ ይነካካል። ላሬ ወይም ጆር ያለው ደግሞ ከተማ ላለ ወንድሙ መለያ ቁጥሩን ሰጥቶ ይጠብቃል። ከውጤቱ ቀድሞ ግን አንድ ጥያቄ በየቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይዞራል፦ «ስንት አመጣ? ስንት አመጣች?»

በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገር የወደድነው ስለ ፈተናው አይደለም። ስለ ፈተናው የሚናገሩ ብዙ አሉ። እኛ ልንነጋገር የወደድነው ውጤቱ በተሰማበት ሰዓት ከወላጅ አፍ ስለሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ነው። ውጤቱ ልጁ በፈተናው ስንት እንዳገኘ ይናገራል። የእኛ የመጀመሪያ ቃል ግን ልጁ በቤታችን ስንት እንደሚያወጣ ይነግረዋል። ቁጥሩ ከዓመታት በኋላ ሊረሳ ይችላል፤ አባት በዚያ ሰዓት ያለው ግን አይረሳም። ዕድሜያቸው አርባና ሃምሳ የሞላ ሰዎች ለምክር ወደ እኛ መጥተው፣ ስለ ትዳራቸው ወይም ስለ ሥራቸው ሲናገሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ የሚያለቅሱት አባታቸው ወይም እናታቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለተናገሩት አንድ ቃል ነው። ብዙ ጊዜ ያ ቃል የተነገረው በውጤት ቀን ነው።

ቁጥሩን በእውነት እንየው

ብዙ ወላጅ ልጁ ሳያልፍ ሲቀር «የሰው ልጅ ሲያልፍ የእኔ ብቻ ቀረ» ይላል። ይህ ሐሳብ ልብን ከመስበሩ በላይ ሐሰት ነው። እስቲ የትምህርት ሚኒስቴር በይፋ የተናገረውን እናስታውስ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህም 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት 27,267 ወይም 3.2 በመቶ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አልፈዋል፤ 8.4 በመቶ ማለት ነው። መሻሻል አለ፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተማሪዎች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ማለፊያውን አላገኙም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ።

ታዲያ ከመቶ ልጆች ዘጠና ስድስቱ ባላለፉበት ዓመት አንድ አባት ልጁን «አንተ ብቻ አሳፈርከኝ» ቢለው የተናገረው እውነት ነውን? አንድም ልጅ ባላለፈበት ትምህርት ቤት የተማረችን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ መጥራት ፍርዱ ትክክል ነውን? ጥፋቱ የአንድ ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ ባልሆነ ነበር። መጽሐፍም በሐሰት አትመስክር ሲል በጎረቤት ላይ ብቻ ብሎ አልተወውም። በልጃችንም ላይ የሐሰት ምስክር መሆን ይቻላል።

የእኛን አካባቢ ልጆች ደግሞ ለይተን እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የነበሩት 10ኛ ክፍል ሳሉ፣ በመጋቢት 2012፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሊፈተኑ ሲዘጋጁ፣ ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በጋምቤላ ከተማ ጥይት ሲተኮስ ዋለ፤ ሰው ሞተ። በዚያው ክረምት መጨረሻ ባሮ፣ ጊሎ፣ አልዌሮና አኮቦ ወንዞች ሞልተው ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ አፈናቀሉ። ፈተናው የተሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ በጥቅምት 2015 ነው። በቤቱ ኑዌርኛ ወይም አኝዋኛ ወይም መዠንግርኛ እየተናገረ ያደገ ልጅ፣ ደብተሩ በጎርፍ የረጠበበት፣ ወንድሙን ያጣ ወይም የተሰደደ፣ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፊዚክስ ጥያቄ መለሰ። ይህን ስንናገር ለልጆቻችን ሰበብ እየፈለግን አይደለም። በተሰጠው ዕድል ጠንክሮ የሠራ ልጅ ከዚሁ ቦታ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ለማለት የፈለግነው፣ ፈራጅ የሆነ ሰው ከመፍረዱ በፊት ነገሩን ሁሉ መስማት አለበት ነው። ሳይሰማ የሚመልስ ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት የምሳሌ መጽሐፍ ያስተምረናል (ምሳ. 18፥13)።

ወላጅ ለምን ይቆጣል?

ወላጆችን ልንወቅስ አልተነሣንም። የሚቆጣው ወላጅ ብዙ ጊዜ ልጁን የሚጠላ አይደለም። ልጁን ከተማ አስቀምጦ ለማስተማር በሬውን የሸጠ ሰው ነው። በቆሎዋን ሸጣ የቤት ኪራይ የላከች እናት ናት። ራሱ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፣ ማንበብ የማይችል፣ ነገር ግን ልጁ የተማረ እንዲሆን የጓጓ አባት ነው። በድንበር ማዶ ከነበረው ጦርነት ሸሽቶ በመጠለያ ጣቢያ የሚኖር ወላጅም አለ። ለእርሱ የልጁ ውጤት ከድንኳን ሕይወት መውጫ በር ሆኖ ይታየዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቁጥሩን ሲሰማ የሚሰማው የበሩ መዘጋት ድምፅ ነው። ቁጣው ከፍርሃት የወጣ ነው።

ትምህርትን ማክበራችንም ክፉ ነገር አይደለም። በዚህ በባሮ ዳርቻ ወንጌልና ፊደል አብረው ነው የመጡት። በ1940ዎቹ ዶን ማክሉርና ሌሎች የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን በፖክዎ ሲያገለግሉ፣ ከስብከቱ ጎን ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አቁመዋል። ልጁ ማንበብ ሲማር ቃሉን አነበበ። ስለዚህ የእኛ ሕዝብ «ልጄ ይማር» ሲል በጸሎት ነው የሚለው። ይህ ይቀጥል።

ነገር ግን ፍቅር ወደ ዕዳ የሚለወጥበት ሰዓት አለ። «ያወጣሁብህን ብር ቁጠረው»፣ «በሬዬን መልስ»፣ «የእገሌ ልጅ እኮ ካንተ ያነሰ በልቶ አለፈ» ብለን የምንናገርበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ልጁ የሚሰማው ነገር ይህ ነው፦ እስከ ዛሬ የበላሁት እንጀራ ብድር ነበር፤ እስከ ዛሬ የተወደድኩት ይህን ቁጥር እንዳመጣ ነበር። በሬው ለልጃችን የተሰጠ ስጦታ እንጂ በአራጣ የተሰጠ ብድር እንዳልሆነ እኛ ብናውቅም፣ እርሱ ግን የሚያውቀው ከአፋችን የሰማውን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ አባቶችን ሲያስጠነቅቅ የሰጠው ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል። ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ የነገራቸው ልጆቹ ልባቸው እንዳይዝል፣ ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው (ቆላ. 3፥21)። ጳውሎስ ልጅ ተስፋ ሊቆርጥ እንደሚችል፣ ተስፋ የሚያስቆርጠውም አባት ሊሆን እንደሚችል ያውቅ ነበር።

ተስፋ የቆረጠ ልጅ የት እንደሚሄድ እናንተም ታውቃላችሁ። አንዱ አረቄ ቤት ይገባል። አንዱ ለማንም ሳይናገር ድንበር ተሻግሮ ይጠፋል። አንዱ ቤት ውስጥ ሆኖ ዝም ይላል፤ ይህ ዝምታ ከሁሉ የሚያስፈራ ነው። ምግብ የተወ፣ ከሰው የተለየ፣ ስለ ሞት የሚናገር ልጅ ካለ ብቻውን አትተዉት። ጸልዩለት፤ ከጎኑም ሁኑ፤ ወደ ጤና ባለሙያም ውሰዱት። ሐኪም ዘንድ መውሰድ እምነት ማጣት አይደለም።

አብ ልጁን ደስ የሚለኝ ያለው መቼ ነው?

ጌታ ኢየሱስ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ ሰማይ ተከፈተ። አብም ይህ የምወደው፣ በእርሱ ደስ የሚለኝ ልጄ ነው ብሎ መሰከረ (ማቴ. 3፥17)። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብከነዋል። አሁን ግን አንድ ነገር ብቻ እንይ፤ ይህ የተነገረው መቼ ነው? ጌታ ገና አንድ ድውይ ሳይፈውስ ነው። ገና ስብከት ሳይሰብክ፣ ደቀ መዝሙር ሳይጠራ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ የሚጀምረው በምድረ በዳ ፈተና ነው። አብ የፍቅሩን ቃል የተናገረው ከፈተናው በፊት ነው። ልጁም ወደ ፈተናው የገባው ያንን ቃል በጆሮው ይዞ ነው። ሰይጣን ሲመጣ የጀመረው በምን እንደሆነ አስተውሉ፤ የእግዚአብሔር ልጅ ከሆንህ አስመስክር በሚል ጥያቄ ነው (ማቴ. 4፥3)። ልጅነትህን በሥራህ አሳይ ማለቱ ነው። «ልጄ ከሆንክ 400 አምጣ» የሚል ቤት፣ ሳያውቀው የማንን ጥያቄ እየጠየቀ እንደሆነ ያስብ።

አንድ ወገን እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «እርሱ ኃጢአት የሌለበት የእግዚአብሔር ልጅ ነው፤ የእኔ ልጅ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቲክቶክ ሲያይ የነበረ ነው።» መልሱ በወንጌል አለ። እኛንም እግዚአብሔር የወደደን በደንብ ስለሠራን አይደለም። ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ (ሮሜ 5፥8)። ዓለም ሳይፈጠር በክርስቶስ ልጆቹ ልንሆን ወሰነን (ኤፌ. 1፥4-5)። ከእኛ መካከል በማለፊያ ነጥብ የዳነ ማን ነው? እሑድ ጧት በጸጋ ድነናል ብለን እየዘመርን፣ ሰኞ ማታ ልጃችንን በሕግ የምናስተናግድ ከሆነ፣ ልጁ የሚያምነው የሰኞውን ስብከት ነው። ብዙ ወጣቶች ቤተ ክርስቲያንን የሚተዉት የጸጋን ትምህርት ስላልሰሙ አይደለም። ቤታቸው ስላላዩት ነው።

አምስት መክሊት፣ ሁለት መክሊት

እንግዲህ ውጤት ምንም አይደለም ልንል ነውን? አይደለም። «ግድ የለም፣ ተወው» ማለትም ለልጁ ደግነት አይሆንም። ልጁ ራሱ ግድ እንዳለው ያውቃል። ጌታ ስለ መክሊት የተናገረው ምሳሌ እዚህ ላይ ሚዛን ይሰጠናል (ማቴ. 25፥14-30)። ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ ተሰጠው፤ ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ። አምስት የተቀበለው ሌላ አምስት አተረፈ። ሁለት የተቀበለው ሌላ ሁለት አተረፈ። ጌታቸው ሲመለስ ለሁለቱ የተናገረውን ምስጋና ጎን ለጎን አንብቡት። ለአሥሩ ባለቤት የተነገረው ለአራቱ ባለቤትም ሳይቀነስ ተነገረ። አራት ያለውን «ጓደኛህ እኮ አሥር አለው» አላለውም። የተወቀሰው ሦስተኛው ነው፤ የተወቀሰውም ጥቂት ስላመጣ ሳይሆን የተሰጠውን ስለ ቀበረ ነው።

ወላጅ ልጁን ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሠራህበት ወይስ ቀበርከው? ይህን ለማወቅ ደግሞ የውጤት ወረቀት አይበቃም፤ ዓመቱን ሙሉ ልጁን ማየት ያስፈልጋል። በመብራት እጦት ሌሊት በባትሪ ሲያነብ ያየነው ልጅ 38 በመቶ ቢያመጣ፣ ታማኝ ባሪያ ነው፤ ምስጋናው አይቀነስበት። አእምሮ ተሰጥቶት፣ ጊዜም መጽሐፍም አግኝቶ፣ ዓመቱን በከንቱ ያሳለፈ ልጅ ደግሞ ካለ ሊወቀስ ይገባዋል። እግዚአብሔር የሚወዳቸውን ይገሥጻል። ነገር ግን ተግሣጽ ጊዜ አለው። ልጁ ወድቆ መሬት ላይ ባለበት ሰዓት የሚነገር ተግሣጽ ዱላ ነው፤ ከተነሣና እንባውን ከጠረገ በኋላ የሚነገረው መድኃኒት ይሆናል። የጠፋው ልጅ አባት ጥፋቱ እውነተኛ የሆነን ልጅ እንኳ ገና ከሩቅ ሳለ ሮጦ አቀፈው (ሉቃ. 15፥20)። ምክሩ ከእቅፉ በኋላ ይድረስ።

ስለ ሴት ልጆቻችን

ስለ ሴት ልጆቻችን ለብቻ ልንናገር ግድ ይለናል። ወንድ ልጅ ሳያልፍ ሲቀር «በሚቀጥለው ዓመት ይሞክር» ይባላል። ሴት ልጅ ሳታልፍ ስትቀር ግን በአንዳንድ ቤት የጋብቻ ወሬ በዚያው ሳምንት ይጀመራል፤ ከብት መቁጠር ይጀመራል። የአባቶቻችንን ወግ ልንንቅ አንፈልግም። በጥሎሽ ከብት ሁለት ቤተ ሰብ ይተሳሰራል፤ ትዳርም ቅዱስ ነው። ግን አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ውጤቷ ስለ ጎደለ ብቻ ወደማትፈልገው ትዳር ብትሰጥ፣ ትዳሩ ቅጣት ሆነባት ማለት ነው። እግዚአብሔር የባረከውን ነገር ቅጣት አናድርገው። እርስዋም ውኃ እየቀዳች፣ ሕፃን እያዘለች፣ ምግብ እያበሰለች ነው ያጠናችው። ለወንድሟ የተሰጠው ሁለተኛ ዕድል ለእርስዋም ይገባታል። ጌታ ማርያም እግሩ ሥር ተቀምጣ እንድትማር ፈቀደላት፤ ከዚያ ሊያስነሷት ሲፈልጉም ተሟገተላት (ሉቃ. 10፥38-42)። የሽማግሌዎች ጉባኤ በዚህ ጉዳይ ዝም ሊል አይገባውም። ልጅቱ ወደ ወንጌላዊው ወይም ወደ መጋቢው ሚስት መጥታ ብታለቅስ፣ አባቷን ሄዶ የሚያነጋግር ሰው ሊኖር ይገባል።

በሐቅ ስለተገኘ 38

በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተለቀቀ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የማያስታውስ የለም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የገባውም ኩረጃና ስርቆት ስለበዛ ነው። በዚያ ዘመን መልስ የሚገዙ ወላጆች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል በጌታ ቤት የሚቀመጡ አልታጡም። ለልጁ መልስ የሚገዛ ወላጅ ልጁን ሁለት ነገር ያስተምረዋል። አንደኛ፣ አንተ እንዳለህ አትበቃኝም። ሁለተኛ፣ እግዚአብሔር አያይም። ሁለቱም ክህደት ናቸው።

ስለዚህ ልጅህ በፈተና ክፍል ውስጥ አጠገቡ ያለው ሲኮርጅ እርሱ አንገቱን ደፍቶ የሚያውቀውን ብቻ ጽፎ 38 በመቶ ይዞ ቢመጣ፣ ወንድሜ፣ ቤትህ ውስጥ ምን እንዳለ እወቅ። አገራችን የጎደላት ይህ ነው። ሐኪሙ በሐቅ ያልተማረበት ሆስፒታል፣ መሐንዲሱ በኩረጃ የተመረቀበት ድልድይ ምን እንደሚሆን አስቡት። በሐቅ ያልተሳካለት ልጅ ሊያድግ ይችላል፤ በውሸት የተሳካለት ግን ምን ላይ ቆሞ ያድጋል? ይህን ሐቀኝነቱን በቤተ ሰብ ፊት ጠርታችሁ አመስግኑት።

ከመድረክ ስለሚነገረው

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት፣ ወደ መድረኩ እንምጣ። ከፈተና በፊት በየጉባኤው ለተማሪዎች ይጸለያል፤ መልካም ነው። ነገር ግን አንዳንድ አገልጋይ እስክሪብቶ ላይ እጁን ጭኖ «ሁላችሁም አልፋችኋል፤ ጌታ ነግሮኛል» ይላል። የዳንኤልንም መጽሐፍ ይጠቅሳል፤ ዳንኤልና ጓደኞቹ ከሌሎቹ አሥር እጅ በልጠው ተገኙ ይላል (ዳን. 1፥20)። ውጤቱ ሲመጣስ? ልጁ ሁለት ነገር ይጠፋበታል፤ ዩኒቨርሲቲውም እምነቱም። «ወይ ጌታ አልወደደኝም፣ ወይ እምነት የለኝም» ብሎ ይደመድማል። እነዚሁ የዳንኤል ጓደኞች ግን ሁለት ምዕራፍ አልፈው በእቶን እሳት ፊት ቆመዋል። በዚያም አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ለጣዖት አንሰግድም ብለው መለሱ (ዳን. 3፥17-18)። ለተማሪዎቻችን ምዕራፍ አንድን ሰብከን ምዕራፍ ሦስትን ማስቀረት አይገባንም። ጸሎታችን «ጌታ ሆይ፣ ያጠኑትን አስታውሳቸው፤ ልባቸውን አረጋጋ፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን ከአንተ አይለዩ» ይሁን።

ከውጤት በኋላ ያለው እሑድም አለ። ያለፉት ልጆች ወደ መድረክ ይጠራሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል፤ ወላጆቻቸው ምስጋና ያቀርባሉ። ደስ ይላል፤ ከሚደሰቱ ጋር መደሰት ቃሉ ነው። ግን በዚያ እሑድ ከመዘምራን መካከል እነማን እንደቀሩ ቆጥረን እንይ። ነቢዩ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ሰባት ልጆች ተሰልፈው ሲያልፉ አይቶ፣ «ልጆችህ እነዚህ ብቻ ናቸውን?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው በጎች የሚጠብቀውን ታናሹን ሊጠራው እንኳ አላሰበም ነበር። ሳሙኤልም እርሱ እስኪመጣ ድረስ ወደ ማዕድ እንደማይቀመጥ ተናገረ (1ኛ ሳሙ. 16፥11)። መጋቢዎች ሆይ፣ ያ ጥያቄ የእኛ ጥያቄ ይሁን። ያለፉት ሲቆሙ ያላለፉትም አብረው ይቁሙ፤ ሁሉም 12 ዓመት ተምረው ጨርሰዋልና። ለሁሉም ይጸለይ። ላልመጣው ልጅ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይሄዱለት። ከስብከታችን ይልቅ ያችን የቤት ጉብኝት ያስታውሳታል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያው ቀን ብዙ አንናገር። ውጤቱን ሰምታችሁ ቁጣ ከመጣባችሁ ወጣ ብላችሁ ተመላለሱ፤ ጸልዩ። ከዚያ ግቡና «ልጄ ነህ፤ እወድሃለሁ፤ ና፣ እንብላ» በሉት። ወላጅ አባት በእኛ ባህል «እወድሃለሁ» ማለት ይከብደው ይሆናል። ካልቻለ ከትከሻው ላይ እጁን ያሳርፍ፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ገበታ ይቁረስ። ዘመድ ሲደውል «ስንት አመጣ?» ቢል፣ ልጁ በሚሰማበት «በርትቶ ሠርቷል፤ ቀጣዩን አብረን እያሰብን ነው» ብላችሁ መልሱ። በዘመድ ፊት ጋሻ የሆነለትን ወላጅ ልጅ አይረሳም።

በመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጣችሁ ውጤቱን በየትምህርቱ ተመልከቱ። በየትኛው በረታ? በየትኛው ደከመ? ማንበብ የማይችል ወላጅ ከሆነ በአጥቢያው ያለ አስተማሪ ይርዳው። ብዙ ልጆች «ወደቅኩ» ብለው የጣሉት ወረቀት ውስጥ አንድ ጥሩ የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ ውጤት ተደብቆ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ ተነጋገሩ። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። በትንሽ ነጥብ ለጎደላቸው ሪሚዲያል የሚባል የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ፤ መስፈርቱን ትምህርት ሚኒስቴር ሲያሳውቅ ተከታተሉ። በግል ተፈታኝነት እንደገና መፈተን ይቻላል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት አለ። በጋምቤላ ዛሬ የተበላሸ የውኃ ፓምፕ የሚጠግን፣ የፀሐይ ኃይል መብራት የሚገጥም፣ ሞተር የሚሠራ፣ ከብት የሚያክም ሰው እንደ ዲግሪ ባለቤት ተፈላጊ ነው። ጌታችን ራሱ አናጢ ተብሎ ይጠራ ነበር (ማር. 6፥3)፤ ያንን ያህል ዓመት በእጁ ሲሠራ አባቱ በእርሱ ደስ ይለው ነበር።

ልጃችሁ ያለፈላችሁ ወላጆችም አንድ ቃል ስሙን። ደስ ይበላችሁ፤ ግን የልጃችሁን ቁጥር ጎረቤት መውጊያ አታድርጉት። ልጃችሁም እንዲህ ብላችሁ ላኩት፦ «ባታልፍም ኖሮ ልጃችን ነበርህ።» ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሲከብደው፣ ለመደወል የማይፈራው ይህን የሰማ ልጅ ነው።

በመጨረሻ ለእናንተ፣ ውጤታችሁን አይታችሁ ስልካችሁን ዘግታችሁ ለተኛችሁ ልጆቻችን። ቤታችሁ ውስጥ ያንን የፍቅር ቃል የሚናገር ሰው ላይኖር ይችላል። የሰማዩ አባት ግን አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ኑ፤ ለገና ላላመናችሁም በሩ ክፍት ነው። እግዚአብሔር ለእናንተ ያለውን ሐሳብ በጥቂት ቀናት ፈተና አልወሰነውም።

ጌታ ሆይ፣ በባሮ ዳርቻና በአገራችን ሁሉ ያሉትን ወላጆች አፋቸውን ጠብቅ፤ ልባቸውንም እንደ ልብህ አድርግ። ያለፉትን ትሑት አድርጋቸው፤ ያላለፉትን አንሣቸው። በየቤቱ የጸጋህ ድምፅ ይሰማ። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።